ወደ ኋላ የሚመለስ ዓይን፦ ጠልቆ ንባብ፣ የጨረፍታ ንባብና የአማርኛ ሂስ

በአማርኛ ልብ ወለዶች ላይ የሚጻፉ ዳሰሳዎችን የተከታተለ ሰው አንድ የተለመደ አካሄድ ያውቃል። ዳሳሹ ታሪኩን በአጭሩ ይተርካል፤ ጭብጡ ይህ ነው፣ ዋናው ገፀ ባሕርይ እገሌ ነው ይላል፤ በመጨረሻም ቋንቋው ውብ ነው ወይም የፊደል ግድፈት በዝቶበታል ብሎ ይዘጋል። ከመጽሐፉ አንድ ዐረፍተ ነገር አውጥቶ፣ ቃልን ከቃል አያይዞ የመረመረበት ቦታ እምብዛም አይገኝም። እንዲህ ያለውን ዳሰሳ መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ ያደረገ ሰውም ሊጽፈው ይችላል። ሂሳችን የደከመው የንድፈ ሐሳብ ድህነት ስላለበት ነው የሚል የቆየ ክስ አለ። እኔ ይህን ክስ አልቀበለውም። ሂሳችን የደከመው ከሂሱ በፊት የሚቀድመው ንባብ ስለደከመ ነው።

ጠልቆ ማንበብን ከዝግታ ጋር አንድ አድርጎ ማየት የተለመደ ነው። የራሳችን የትምህርት ታሪክ ግን ነገሩ ከዚህ የረቀቀ መሆኑን ያሳያል። በንባብ ቤት ተማሪው ከፊደል ተነሥቶ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እያለፈ ዳዊት እስከ መድገም ይደርሳል። ተነሡን ከወዳቂው፣ ተጣዩን ከሰያፉ ይለያል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ በምልክት ስለማይለይ፣ ትክክለኛው አነባበብ የሚገኘው ከመምህሩ አፍ ነው፤ አንድ ቃል ቢስት መምህሩ አስቁሞ ያርመዋል። ለቃል ከዚህ የበለጠ የሚጠነቀቅ ንባብ ማግኘት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ያ ተማሪ በዚህ ደረጃ ብዙውን ጊዜ ግእዝ አያውቅም። መዝሙረ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር ሳይሳሳት ሲወጣው እንኳ የሚያነበው ምን እንደሚል ላያውቅ ይችላል። ዝግታውም ጥንቃቄውም አለ፤ ትርጉሙ ገና ነው። ትርጉሙ የሚመጣው ቅኔ ቤት ገብቶ ግሱንና አገባቡን ሲማር፣ ከዚያም መጽሐፍ ቤት ሲደርስ ነው።

በመጽሐፍ ቤት፣ ብሉያትም ይሁኑ ሐዲሳት፣ ሊቃውንትም ይሁኑ መነኮሳት፣ የማስተማሩ ሥርዓት በመመለስ ላይ የቆመ ነው። ንባቡ ይሰማል፤ ነጠላ ትርጉሙ ይነገራል፤ ከዚያ መምህሩ «አንድም» ይልና ወደዚያው ዐረፍተ ነገር ይመለሳል። አሁንም «አንድም» ይላል። እያንዳንዱ መመለስ የራሱን ማስረጃ ይጠይቃል፤ ከአገባቡ፣ ከታሪኩ፣ ከሌላ መጽሐፍ ቃል ወይም ከአገር ልማድ። እንደ ልብ የሚነገር ትርጓሜ የለም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ ስማቸው የገነነው መምህር ኤስድሮስ የትርጓሜውን ትምህርት መርምረው ካስተካከሉ በኋላ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት ሁለት ወገኖች በየፊናቸው ጸንተዋል። ሊቃውንቱ ልዩነታቸውን አልደበቁትም፤ «ላይ ቤት እንዲህ ይላል፣ ታች ቤት እንዲህ ይላል» እየተባለ ለተማሪው ይተላለፋል። አንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ጠንቃቃ አንባቢዎችን ሁለት ቦታ ሊያደርስ እንደሚችል፣ ይህም የንባቡን ብርታት እንጂ ጉድለቱን እንደማያሳይ የሚያውቅ ትውፊት ነው።

ይህን ስል ትውፊቱን ያለ ወሰን ማወደሴ አይደለም። የአንድምታ ተማሪ የሚቀበለው አበው ቀድመው የተመለሱበትን መንገድ ነው፤ በቃሉ አጥንቶ ያስተላልፈዋል፣ መጻሕፍቱም የታወቁና የተወሰኑ ናቸው። የዛሬ ልብ ወለድ አንባቢ ግን መንገዱን ራሱ ማበጀት አለበት። ከመጽሐፍ ቤት ልንወርሰው የሚገባን ይህንን ልማድ ነው፤ አንብቤ ጨረስኩት ያልነው ዐረፍተ ነገር ገና አላለቀም ብሎ ወደ እሱ የመመለስን ልማድ።

ስለ ዓይን እንቅስቃሴ የተደረገው ሳይንሳዊ ጥናትም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ስናነብ ዓይናችን በመስመሩ ላይ አይንሸራተትም፤ ይዘላል፣ ለሩብ ሰከንድ ያህል ያርፋል፣ ደግሞ ይዘላል። በጎበዝ አንባቢዎች ዘንድ እንኳ ከእነዚህ ዝላዮች ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ወደ ኋላ የሚመለሱ ናቸው። የፍጥነት ንባብ አሠልጣኞች ይህን መመለስ መጥፎ ልማድ ይሉታል። ቃላትን አንድ በአንድ በስክሪን መሐል እያበሩ መመለስን የሚከለክሉ መተግበሪያዎችም ተሠርተዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ግን አንባቢዎች ወደ ኋላ እንዳይመለሱ ሲደረግ መረዳታቸው ቀንሶ ተገኘ። የንባብ ተመራማሪው ኪት ሬይነርና ባልደረቦቹም በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሰፊ ቅኝታቸውን ሲደመድሙ ፍጥነት ሲጨምር መረዳት እንደሚቀንስና ከዚህ ማምለጫ አቋራጭ እንዳልተገኘ ጽፈዋል።

ወደ ኋላ ያልተመለሰ አንባቢ ምን እንደሚያመልጠው በፍቅር እስከ መቃብር ላይ ማየት ይቻላል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ ብዙ ሰው የሚያውቀው፣ ከሚያውቁት ውስጥም ብዙዎቹ በታሪኩ ብቻ የሚያውቁት ነው። የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር፣ የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት፣ የጉዱ ካሳ ትችት፣ ከዚያ ሞት። በጨረፍታ የሚያነብ ሰው ቶሎ ሊያልፈው የሚፈልገው ክፍል መጀመሪያው ነው፤ ሰብለ ገና የለችም፣ ታሪኩ በማንኩሳ ስለ በዛብህ ወላጆች፣ ስለ ቦጋለ መብራቱና ስለ ውድነሽ በጣሙ ያወራል። ፍቅሩ እስኪጀመር የሚጠብቅ አንባቢ ይህን እንደ መንደርደሪያ ይቆጥረዋል።

መጽሐፉን ጨርሶ ወደዚያ ክፍል የተመለሰ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። በዛብህ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር በስለት የሰጡት ልጅ ነው። ስለቱን የተሳለው እሱ አይደለም፤ ከመፈለግና ከመምረጥ ዕድሜ በፊት ሕይወቱ በሌላ ሰው ቃል ታስራለች። የሰብለስ? አባቷ ጋብቻዋን በዘር ሚዛን እየለኩ ጠያቂዎቿን ይመልሳሉ፤ የማግቢያ ዕድሜዋ ያልፋል። የእሷም ሕይወት በሌላ ሰው ቃል የታሰረች ናት። አንዱ ቃል ከፍቅርና ከእምነት የተነገረ፣ ሌላው ከክብርና ከትዕቢት የተነገረ ነው፤ በልጆቹ ላይ የሚያደርሱት ግን ይመሳሰላል። መጽሐፉ የባላባቱን ሥርዓት ብቻ የሚከስ ቢሆን ኖሮ በፊታውራሪው ቤት መጀመር ይበቃው ነበር። በሁለት ደጋግ ድኾች ጎጆ መጀመሩ ክሱን ያሰፋዋል፤ ወላጅ በልጁ ዕጣ ላይ ያለው ሥልጣን፣ በደግ ሰው እጅም ቢሆን፣ ይጠየቃል። የማኅበራዊ ሂስ ልብ ወለድ ነው ብሎ የሚያልፍ ዳሰሳ ይህን አያየውም። እኔም ይህ ንባብ የመጨረሻው ነው አልልም፤ ሌላው ተመልሶ «አንድም» ሊልበት ይገባል። ደግሞም የሁለቱ ፍቅር ያቆጠቆጠው በንባብ ትምህርት ላይ መሆኑን ማስታወስ ደስ ይላል፤ በዛብህ ወደ ፊታውራሪው ቤት የገባው ሰብለን ንባብና ጽሕፈት ሊያስተምር ነው።

ይህ መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ መነበቡም ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ምስክር ነው። ሬዲዮ ገጽ አያስዘልልም። በየቤቱ ተሰብስቦ ያዳመጠው ሕዝብ፣ ፊደል ያልቆጠረውም ጭምር፣ የማንኩሳውን ታሪክ ሳይዘልል በአንድ ሰው አንደበት ፍጥነት ተቀብሎታል። በመጽሐፉ ላይ የዚያን ያህል የጸና ፍቅር ከተተከለባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ሙሉ ንባብ ይመስለኛል። አድማጩ ያላገኘው የመመለስን ዕድል ነበር፤ ያ ዕድል የመጽሐፍ አንባቢ ነው።

የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ ደግሞ በሌላ ዓይነት ችኮላ ተጎድቷል። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን የሚያነሣው ብዙው ሰው የሚጠይቀው ይህ ገፀ ባሕርይ የትኛው ባለሥልጣን ነው ብሎ ነው። ጥያቄው ከመከራው የመጣ ስለሆነ አልነቅፈውም፤ ነገር ግን ለስም ፍለጋ የሚነበብ ልብ ወለድ ስሙ ሲገኝ ያበቃል። የቀረው ትልቁ ነገር ተራኪው ነው። ጸጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አስመራ የሚሄደው ለፕሮፓጋንዳ ሥራ ነው፤ ታሪኩንም የምንሰማው ከራሱ አፍ ነው። ሰውን ለማሳመን በሠለጠነ አንደበት የሚነገረንን ታሪክ የትኛው ላይ እንመን፣ የትኛው ላይ እንጠራጠር? ለዚህ መልስ ለመስጠት ቃሉን ከገጽ ገጽ ማነጻጸር፣ ማለትም መመለስ፣ ግድ ነው።

የጨረፍታ ንባብን ግን ማንኳሰስ ስሕተት ይሆናል። በዚህ ረገድ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሥራ የተሻለ ትምህርት ይሰጣል። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል። እሳቸውም በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ተቀምጠው ካታሎጎቹን በማዘጋጀት ዋናውን ድርሻ ወስደዋል። ካታሎግ አዘጋጅ እያንዳንዱን ብራና ቃል በቃል ሊያጠና አይችልም፤ መነሻውን፣ መድረሻውን፣ የጸሐፊውን ስምና በኅዳጉ የተጻፈውን እየቃኘ ያልፋል። እኚሁ ሰው ግን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት ገድል ሲይዙ እያንዳንዱን ቃል መርምረው ወደ አማርኛ መልሰዋል። ሰፊው ቅኝት የት መጥለቅ እንደሚገባ አሳያቸው። ጨረፍታ መጽሐፍ ለመምረጥ፣ መረጃ ለማግኘት፣ መስክን ለማወቅ ተገቢ ዘዴ ነው። ችግሩ የሚጀምረው በጨረፍታ ያየነውን ይዘን ፍርድ ስንሰጥ ነው።

ስለ ስክሪን ብዙ አልልም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 54 ጥናቶችንና ከ170,000 በላይ ተሳታፊዎችን ያጠቃለለ ትንተና በወረቀት ያነበቡ ሰዎች የተሻለ እንደሚረዱ አሳይቷል፤ ልዩነቱ የጎላው ግን በመረጃ ነክ ጽሑፎችና ጊዜ በተገደበበት ንባብ ሲሆን፣ በትረካ ላይ አልታየም። ስለዚህ ስልክ የአማርኛን ልብ ወለድ ገደለው የሚለው ጩኸት ከማስረጃው ያለፈ ነው። የስክሪን ዘመን ሳይመጣ ሐያሲው አይ. ኤ. ሪቻርድስ የካምብሪጅ ተማሪዎቹን ግጥም ያለ ደራሲ ስም ሰጥቶ ሲፈትናቸው፣ ብዙዎቹ ግልጽ መልእክቱን እንኳ ስተውት እንደነበር በ1929 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አሳይቷል። ሁሉም ወረቀት ላይ ነበር ያነበቡት።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው የሥራ ነው። የሥነ ጽሑፍ መምህራን ሙሉ ልብ ወለድ በአንድ ወሰነ ትምህርት አስጠንተው ጭብጡንና የገፀ ባሕርያቱን ዝርዝር ከሚፈትኑ፣ አንዲት ገጽ ወስደው ሳምንት ቢቆዩባት፣ ከሳምንት በኋላም ተማሪው መጀመሪያ ካነበበው ምን እንደተለወጠበት ቢጽፍ ይሻላል። የመጽሔት አዘጋጆችም የሚላክላቸውን ዳሰሳ ከማተማቸው በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፤ ዳሳሹ ከመጽሐፉ የጠቀሰው ቢያንስ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ? በጠቀሰውስ ላይ ቆሞ ያሳየው ነገር አለ? ከሌለ ጽሑፉን ከመጽሐፉ ጋር ወደ ዳሳሹ ይመልሱት፤ እንደገና ያንብብ።