ከአውጫጭ ወደ ሌባ ሻይ፦ የባትያ ጉር የመጨረሻ መጽሐፍ ስለ ምን ቅር አሰኘን?



በዚህ የመጻሕፍት ዓምድ ዘወትር የምናቀርበው ያስደሰተንን መጽሐፍ ነው። በዛሬው ዕትም ግን ቅር ስላሰኘን መጽሐፍ ልንጽፍ ተነሥተናል። ደራሲው ለእኛ እንግዳ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው መልሰን ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን ደራሲዋ ባትያ ጉር ናቸው። ዕብራይስጥ ማንበብ ከለመድን ወዲህ እንደ እሳቸው መጻሕፍት እንቅልፍ የነሣን የለም። ከሚወዱት ሰው የመጣ ቅሬታ ደግሞ በዝምታ አይታለፍም።

መጽሐፉ በ2004 የታተመው «ሬጻሕ፣ መጻልሚም» ነው፤ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ግድያ፣ ካሜራው እየቀረጸ» እንደ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በወጣበት ጊዜ ተሻምተን አንብበነው ቅር ብሎን ነበር። ምናልባት ጥፋቱ የእኛ ችኮላ ይሆናል ብለን፣ ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የመርማሪ ሚካኤል ኦሃዮንን ስድስት መጻሕፍት ከመጀመሪያው አንሥተን በተከታታይ አነበብናቸው። ቅሬታው አልለቀቀንም፤ ምክንያቱ ግን ዛሬ ይበልጥ ግልጽ ሆኖልናል። የወንጀል ልብ ወለድ ወግ እንደሚያዘው የገዳዩን ስም አናወጣምና ገና ያላነበባችሁ ያለ ሥጋት ተከተሉን።

ባትያ ጉር በ1947 በቴል አቪቭ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከናዚዎች እልቂት የተረፉ ነበሩ። ለብዙ ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ጽሑፍ አስተምረዋል፤ በ«ሃአሬጽ» ጋዜጣም ላይ የመጻሕፍት ሂስ ይጽፉ ነበር። የመጀመሪያውን የወንጀል ልብ ወለዳቸውን ያሳተሙት በ1988፣ ዕድሜያቸው አርባን ከተሻገረ በኋላ ነው። የመርማሪ ታሪክ ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ በዚህ አገር ካስለወጡት ደራስያን መካከል እሳቸው በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

እኛ ለምን ወደድናቸው? ይህን ለማስረዳት ወደ አገር ቤት መመለስ ይኖርብናል። በጎንደርም ሆነ በሌላው ክፍለ ሀገር ያደጉ ወላጆቻችን አውጫጭን ያውቁታል፤ አፈርሳታ የሚሉትም አሉ። ከብት ተሰርቆ፣ ክምር ተቃጥሎ ወይም ሰው ተገድሎ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሕዝብ በሙሉ ወደ አንድ ሜዳ ይጠራል። እያንዳንዱ እየማለ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ሥራ ፈትቶ እዚያው ይቀመጣል። አድካሚ ነው፤ በደልም ሊኖርበት ይችላል። ሆኖም ሰው ሁሉ ይጠየቃል፣ ሰው ሁሉ ይሰማል።

ሌባ ሻይ ግን ሌላ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ተግቶ ራሱን ይስት ነበር፤ ከዚያም ከቤት ቤት ይሮጥ ነበር። ሮጦ ሮጦ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዝ ነበር። እዚህ ላይ የሚጠየቅ አልነበረም፤ የሚሰማም አልነበረም። የተሰረቀ ነገር ነበር፣ አንድ ሰው መገኘት ነበረበት፣ አንድ ሰው ተገኘ፤ በቃ።

የባትያ ጉር ጥሩ ጥሩ መጻሕፍት አውጫጭ ናቸው። በ1988 በወጣው «ግድያ በሰንበት ጠዋት» አንዲት የተከበረች የሥነ ልቦና ሐኪም ለባልደረቦቿ ትምህርት ልትሰጥ በነበረበት ዕለት፣ በኢየሩሳሌም በሚገኘው ተቋማቸው ውስጥ በጥይት ተገድላ ትገኛለች። የምታነበው ጽሑፍም የለም። በ1989 የወጣው «ሞት በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል» በስኮፐስ ተራራ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ያስገባናል፤ ሟቹ ገጣሚና ፕሮፌሰር ነው። በ1991 «የጋራ መኝታ» በተባለው መጽሐፍ ደግሞ ወደ ኪቡጽ እንሄዳለን። እዚያም ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ይደሩ ወይስ በልጆች ቤት በሚለው ክርክር መካከል ሞት ይገባል። በ1996 የወጣው «ትክክለኛው ርቀት» የክላሲክ ሙዚቃ ተጫዋቾችን ዓለም ይከፍታል። በ2001 የወጣው «ግድያ በቤተ ልሔም መንገድ» ከየመን በመጣ ቤተሰብ የተወለደች ወጣት ስትገደል፣ በኢየሩሳሌም በባቅዓ ሰፈር በጎረቤታሞች መካከል የቆየ ቂም እንዴት እንደሚገለጥ ይተርካል። በመንግሥቱ የመጀመሪያ ዓመታት ስለ ጠፉት የየመን ሕፃናት ያለው ቁስልም በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ይነካል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሐኪሞቹ፣ ፕሮፌሰሮቹ፣ ኪቡጸኞቹ፣ ሙዚቀኞቹ፣ እነዚህ ሁሉ በራቸውን ዘግተው የሚኖሩ ማኅበሮች ናቸው። እኛ በኡልፓን ቋንቋ ስንማር በእነዚህ በሮች አጠገብ አልፈናል፤ ገብተን ግን አልተቀመጥንም። መጻሕፍቱ ውስጥ ግን በሩን የሚያንኳኳው ሰው በልጅነቱ ከሞሮኮ የመጣው ሚካኤል ኦሃዮን ነው። በዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያጠና ሰው ነው። ከባለጸጋ የፖላንድ አይሁድ ቤተሰብ አግብቶ ፈትቷል፤ አንድ ልጅም አለው። ቋንቋውን አሳምሮ ይናገራል፤ ሆኖም በየገባበት ቤት እንግዳ መሆኑን አይረሳም። ስለዚህም ይጠይቃል። ጠይቆም ዝም ይላል። ተጠያቂው ዝምታው ከብዶት ያላሰበውን ሲናገር ይሰማዋል። እኛን የያዘን ተኩሱ ወይም ማሳደዱ አይደለም፤ ይህ የማዳመጥ ትዕግሥት ነው። ሰውን ቁጭ አድርጎ ቡና እስኪፈላ ድረስ የሚሰማ ፖሊስ በልብ ወለድ ውስጥ እንኳ ሲገኝ ያስደስታል።

አሁን ወደ መጨረሻው መጽሐፍ እንምጣ። ቦታው በኢየሩሳሌም የእስራኤል ቴሌቪዥን ነው። የሽሙኤል ዮሴፍ ዓግኖን «ዒዶ ወዔናም» ወደ ፊልም እየተለወጠ ሳለ፣ የመድረክ ዕቃ ዝግጅት ኃላፊ የሆነች ሴት ከባድ ዓምድ ተጭኗት ሞታ ትገኛለች። አደጋ ነው ወይስ ግድያ? አጀማመሩ የተዋጣለት ነው። ሕንፃው፣ ጨለማ መተላለፊያዎቹ፣ የዜና ሰዓት ሲደርስ የሚነሣው ሩጫ፣ ይህ ሁሉ ከድሮው እጃቸው የወጣ ነው። ያላመሰገንነው እንዳይመስል ይህን አስቀድመን እንናገራለን።

ቅሬታችን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አንደኛ፣ ሰዎቹ እጅግ በዙ። አዘጋጁ፣ ዜና አቅራቢው፣ ዘጋቢው፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ጸሐፊዋ እየተፈራረቁ ይገባሉ፤ ሁሉም ይጮኻል። በ«ግድያ በሰንበት ጠዋት» እያንዳንዱ ተጠርጣሪ ለብቻው ተቀምጦ ሕይወቱን ሲዘረዝር ሰምተናል። እዚህ ግን ስሙን ሳንይዘው ሌላው ይተካዋል። ሁለተኛ፣ ደራሲዋ ስለ አገሪቱ የተቆጡበትን ነገር ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ሊያስገቡ ፈለጉ። ከሥራ የተባረሩ ሠራተኞች ተቃውሞ በታሪኩ ውስጥ ይገባል። የደቡብ ሰዎች ስለሆንን የፋብሪካ መዘጋት ምን እንደሚያደርግ እናውቃለንና ይህን ክፍል በጉጉት ጠበቅነው። ነገር ግን ከመፈክራቸው አልፈን ቤታቸው ገብተን ልንሰማቸው ስንፈልግ ካሜራው ወደ ሌላ ይዞራል። ቁጣው እውነተኛ ነው። ሆኖም ቁጣ ብቻውን ገጸ ባሕርይ አይሆንም።

ሦስተኛውና ዋናው ኦሃዮን ራሱ ነው። በዚህ መጽሐፍ መርማሪያችን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይጣደፋል። አንድ ሞት ሳይፈታ ሌላ ይጨመራል፤ ጥያቄው ሳያልቅ ስልክ ይደወላል። በመጨረሻም ከብዙ ዓመታት በፊት የተቀበረ ምሥጢር ወጥቶ ሁሉን ነገር ይፈታል። የተቀበረው ምሥጢር በራሱ ከባድና ሊጻፍበት የሚገባ ነው። ግን እዚያ የደረስነው በአውጫጭ አይደለም። ሮጠን ሮጠን ወደቅን፤ የወደቅንበትም ቤት የገዳዩ ቤት ነው ተባልን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ሆነ።

ከመካከላችን አንዳንዶቹ ይህን ፍርድ አልተቀበሉትም። ቴሌቪዥን ጣቢያ ጫጫታ ነው፤ ደራሲዋም ማንም ማንንም የማይሰማበትን ዘመን በጫጫታ ገለጹት፤ ድካሙም የኦሃዮን ሳይሆን የአገሪቱ ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ አንድ ምሽት ሙሉ ተነጋገርንበት። የእኛ መልስ ይህ ነው። ጫጫታን ለማሳየት አንባቢውን ማደንቆር አያስፈልግም። በ2001 በወጣው መጽሐፍ ከመስኮት ውጭ አዲሱ የፍልስጤማውያን ዓመፅ ተጀምሮ ነበር፤ አገሩም ተረብሾ ነበር። ሆኖም ደራሲዋ ማንም ልብ የማይላትን አንዲት ብቸኛ ልጅ እንድንሰማ አድርገውናል። ስለዚህ በሁከት መካከል ማዳመጥን ያውቁበት ነበር። እኛም ከራሳቸው ሥራ የተማርነውን ሚዛን ነው መልሰን ያቀረብንላቸው።

ታዲያ አንድ የመርማሪ ልብ ወለድ ቢደክም ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል የሚል አንባቢ ይኖራል። ለእኛ ማኅበረሰብ ጉዳዩ ከመጽሐፍ ይሰፋል። በ2015 በሖሎን ከተማ የወታደር ልብስ የለበሰ ልጃችን ደማስ ፓካዳ በፖሊሶች ሲደበደብ ካሜራ ቀረጸው፤ በአገሪቱም ታላቅ ሰልፍ ተነሣ። በ2019 በቂርያት ሐይም ወጣቱ ሰሎሞን ተካ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ፤ መንገዶችም ተዘጉ። ልጆቻችን መናፈሻ ውስጥ ተቀምጠው መታወቂያ ሲጠየቁ ሌባ ሻይ ምን እንደሆነ ያለ አስተማሪ ይገባቸዋል። ከሁሉ በፊት የሚሹት የሚጠይቃቸውና መልሳቸውን የሚሰማ ሰው ነው። በልብ ወለድ ዓለም እንዲህ ያለ ፖሊስ ነበረን። ስሙም ኦሃዮን ነበር። እሱም በመጨረሻው መጽሐፍ ሲጣደፍ ስናየው፣ የምናውቀው ሰው በመንገድ ላይ አይቶን እንዳላየን ያለፈ ያህል ተሰማን።

ቅሬታውን የሚያከብደው ደግሞ ማረሚያ የሌለው መሆኑ ነው። በሕይወት ያለ ደራሲ ደካማ መጽሐፍ ቢጽፍ አንባቢ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። ባትያ ጉር ግን በዓመቱ፣ በ2005 በካንሰር ሕመም ዐረፉ። ኦሃዮንም በዚያው ቀረ። ሰባተኛው መጽሐፍ ቢኖር ኖሮ ስድስተኛውን እንደ ዕረፍት ቆጥረን እናልፈው ነበር።

ይሁንና የእሳቸው መንገድ ብቸኛ መንገድ አይደለም። እዚሁ በከተማችን በቤር ሼቫ የምትንቀሳቀስ መርማሪ እንዳለች ብዙዎቻችን አናስተውልም። ሹላሚት ላፒድ በ1989 ባሳተሙት «መቆሞን» በተባለው መጽሐፍና በተከታዮቹ ውስጥ የምናገኛት ሊዚ በዲሒ የአካባቢ ጋዜጣ ዘጋቢ ናት። ፖሊስ አይደለችም። ትልቅ ሰውነት ያላት፣ ቁንጅናዋ የማይወራላት፣ ሥራዋን የምትወድ የቤር ሼቫ ልጅ ናት። ከኦሃዮን ጥልቀት ጋር አትወዳደርም፤ ጨዋታ ግን ታውቃለች። ደግሞም ቴል አቪቭና ኢየሩሳሌም ብቻ የታሪክ ቦታ እንዳልሆኑ ታሳያለች። በኋላም በ2011 ድሮር ሚሻኒ «የጠፋ ሰው ፋይል» በተሰኘው መጽሐፋቸው መርማሪ አብርሃም አብርሃምን በሖሎን ተራ ሰፈር ውስጥ አስነሡት። እነዚህ ሁለቱ ለደቡብና ለዳር ሰፈር ሰው ቅርብ ናቸው።

በመጨረሻም ለአንባቢያን የምንመክረው ይህን ነው። ባትያ ጉርን ያላነበባችሁ ከ1988ቱ «ግድያ በሰንበት ጠዋት» ጀምሩ፤ ከዚያ ወደ «የጋራ መኝታ» እለፉ። ዕብራይስጡ ለከበደው ሰው ልጁ ወይም የልጅ ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ ቢያነብለት ሁለቱም ይጠቀማሉ። ወላጅ አውጫጭን ይተርካል፤ ልጅ ኦሃዮንን ያነባል። የመጨረሻውን መጽሐፍ በመጨረሻ አንብቡት። የመጀመሪያ አድርጎ ያነሣው ሰው ደራሲዋን በደካማ ቀናቸው ይተዋወቃቸዋልና ፍርዱ ትክክል አይሆንም።

ልጆቻችን ዛሬ በዕብራይስጥ ግጥምና ልብ ወለድ ይጽፋሉ። ከመካከላቸው አንዱ ወይም አንዷ አንድ ቀን ከዳሌት ሰፈር የሚነሣ መርማሪ ቢፈጥሩልን ደስታውን አንችለውም። ያን ጊዜ መርማሪው እንዳይቸኩል እንለምናለን፤ እናቶቻችንን ሲጠይቅ ቁጭ ብሎ፣ ሦስተኛው ቡና እስኪቀዳ ድረስ ይስማ።

በዚህ አስተያየት የማይስማማ አንባቢ፣ በተለይም መጨረሻውን መጽሐፍ የወደደ፣ በአማርኛም ሆነ በዕብራይስጥ ይጻፍልን፤ በሚቀጥለው ዕትም ቦታ እንሰጠዋለን።