የደሴው ፎቶግራፍና ስም የሌላቸው ተኳሾች

ከጣሊያን ወረራ ዘመን ፎቶግራፎች መካከል የደሴውን ያህል ተደጋግሞ የታተመ ጥቂት ነው። ዲሴምበር 6 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. (ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.) የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ከፀረ አውሮፕላን መድፍ ኋላ ቆመው ተኩሰዋል። ፎቶግራፉ ንጉሠ ነገሥቱን ከዚያው መሣሪያ ጋር ያሳያል።

ምስሉ መደነቁ ተገቢ ነው። ቦምብ ከሚወርድበት ከተማ ያልሸሸ መሪ ለሠራዊቱ የሚሰጠው ልብ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ምስሉ በተለመደው መንገድ ሲነበብ የአየር መከላከል የአንድ ሰው ጀግንነት ይመስላል። ኦርሊኮን የሚባለው 20 ሚሊ ሜትር የስዊስ መድፍ ግን ጥይት አቅራቢ፣ ሰማዩን ቃኚ፣ ወሬ አድራሽና በየአቅጣጫው የተተከሉ አጋር መድፎች ይሻል። እነዚህ ሁሉ በበቂ እንዳይገኙ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ብሪታንያና ፈረንሳይ በ1935 የጦር መሣሪያ ሽያጭ መከልከላቸው ነበር፤ ክልከላው ለኢትዮጵያ የተነሣው ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ በኦክቶበር ነው። በደሴው ድብደባ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረው የአሜሪካ ሚስዮን ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ከሥዕሉ በታች የንጉሡን ስም ብቻ የሚጽፍ አሳታሚ ይህን ሁሉ ከአንባቢው ይሰውራል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሥራ በብሪታንያ ታትሟል። መንግሥት በ1943 ያወጣው፣ ርእሱ «የብሪታንያ ጣሪያ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችል ቡክሌት ከ1939 እስከ 1942 የነበረውን የፀረ አውሮፕላን መከላከል ይተርካል። የርእሱ ቃል ለተርጓሚ የሚያስተምረው አለው። አማርኛው «ፀረ አውሮፕላን» ሲል ጠላቱን ይጠራል፤ የእንግሊዝኛው ርእስ ግን ከሥር የተጠለለውን ቤት ያስታውሳል። በርግጥም የጄኔራል ፍሬድሪክ ፓይል የፀረ አውሮፕላን ዕዝ የብዙዎች ሥራ ነበር። ከ1941 ጀምሮ ሴቶች በድብልቅ ባትሪዎች ገብተው የአውሮፕላኑን ከፍታና አቅጣጫ ይለኩ ነበር፤ መድፉን መተኮስ ግን አልተፈቀደላቸውም።

ቡክሌቱ የፕሮፓጋንዳ ሥራ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በሴፕቴምበር 1940 ለንደን ላይ አንድ አውሮፕላን ለመጣል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጥይት ይተኮስ ነበር። ሕዝቡን ያጽናናው የወደቀው አውሮፕላን ብዛት ሳይሆን የመድፉ ጩኸት ነው። «ጣሪያ» የተባለው ነገር ያን ጊዜ በአመዛኙ ድምፅ ነበር ማለት ነው።

ሁለቱም ሥራዎች ለሞያሌ ነዋሪ የሚነግሩት ነገር ጥቂት ነው። ጣሊያን ጦርነት ባወጀች ማግስት፣ ጁን 11 ቀን 1940፣ ከብሪታንያ ጋር የተሰለፈው የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል በሞያሌ አቅራቢያ የባንዳ ሰፈር ደበደበ። ከሁለት ቀን በኋላ የጣሊያን አውሮፕላኖች ዋጂርን መቱ። በጁላይ አጋማሽ የተከበበው የብሪታንያ ጦር የሞያሌን ምሽግ በሌሊት ለቆ ወጣ፤ ከተማዋ የተመለሰችው በፌብሩዋሪ 1941 ነው። ለለንደኑ ሰው ሰማዩን የሚጠብቅለትና የሚያጠቃው ወገን የተለየ ነበር። በድንበር ላይ ላለ ከብት ጠባቂ ግን ቦምቡ ከደቡብም ከሰሜንም ይመጣል፤ ባንዳ ተብሎ የተመለመለውም ቢሆን የአገሩ ልጅ ነው። ለእርሱ የተዘረጋ ጣሪያ የለም።

ስለዚህ የደሴው ፎቶግራፍ ከመጻሕፍት ይውጣ ማለት አይገባም፤ የሚያስፈልገው የተሟላ መግለጫ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ስም እንዳለ ሆኖ፣ የመድፉ ዓይነትና የትውልድ አገሩ፣ በዚያ ቀን የተመታው ሆስፒታል፣ የመሣሪያው ክልከላ በሁለት መስመር ሊገለጹ ይችላሉ። ጥይት ያቀበለው ወታደር ስሙ ባይታወቅ እንኳ መኖሩ ሊጠቀስ ይገባዋል። የሞያሌን ታሪክ ለልጆች የሚያዘጋጅም እንዲሁ ምሽጉን ማን ያዘው፣ ማን ለቀቀው ከሚለው ጥያቄ አልፎ፣ አውሮፕላኑ ሲመጣ ሕዝቡ ወዴት ሸሸ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ያንን ቀን የሚያስታውሱ አረጋውያን እየተመናመኑ ስለሆነ ጥያቄው የሚቆይ አይደለም።