ዜሮ ክፍል

ሸዋ ሮቢት ፀሐይዋ ሳትከር እናት ወደ ሽንኩርት ማሳ፣ ልጅ ወደ ዜሮ ክፍል። ይህችን ከአንደኛ ክፍል በፊት የምትመጣ ክፍል እወዳታለሁ። ግድግዳው ላይ ፊደል ገበታ፣ ወለሉ ላይ የቆርኪ ክምር። አንዱ ልጅ ማሾ በመዳፉ ይዞ ይቆጥራል፤ ሰባት ላይ አንዷ ፍሬ ታመልጠውና አግዳሚ ወንበር ሥር ትገባለች። እንደገና ከአንድ!

የ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ ለዜሮ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ መንገድ ባይከፍትላት፣ (የኔታንና መድረሳውን ሳልረሳ) መዋዕለ ሕፃናት የከፋይ ልጅ ወግ ሆኖ በቀረ ነበር። የሕፃንነት ትምህርት ጥቅሙ ደግሞ ሩቅ አገርም ታይቷል፤ አሜሪካ ሚቺጋን ውስጥ በ1962 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የፔሪ ጥናት 123 የድሃ ቤተሰብ ልጆችን ተከታትሎ፣ በሕፃንነታቸው የተማሩት 40 ዓመት ሲሞላቸው ካልተማሩት ይልቅ ገቢያቸው የተሻለ፣ በፖሊስ ደጋግመው የተያዙትም ያነሱ ሆነው አግኝቷቸዋል።

ማታ እናቱ የቀን ሥራ ብሯን ስትቆጥር ያ ልጅ አጠገቧ ቁጭ ይላል። ሰባት ላይ ሲደርሱ ይጠነቀቃል።