«የሚበሰብስ ፕላስቲክ» ስለ ተባለው ስያሜ የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት

ከበቆሎ፣ ከድንችና ከካሳቫ ስታርች ስለሚሠሩ ፕላስቲኮች በአማርኛ ሲጻፍ «ተፈጥሯዊ»፣ «የሚሟሟ»፣ «የሚፈራርስ» እና «የሚበሰብስ» የሚሉት ቅጽሎች አንዱ በሌላው ቦታ እየገቡ ይገኛሉ። በእኛ አስተያየት እነዚህ ተመሳሳይ ቃላት አይደሉም፤ አራት የተለያዩ ፅንሰ ሐሳቦችን ያመለክታሉ።

ስለ ስያሜው ከመነጋገራችን በፊት ነገሩን እንመልከት። ስታርች አሚሎዝና አሚሎፔክቲን ከሚባሉ ረጃጅም የግሉኮስ ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። ደረቁን ቢያሞቁት ሳይቀልጥ ያርራል። ውኃና ግሊሴሪን ታክሎበት በሙቀትና በግፊት ሲታሽ ግን ቅንጣቶቹ ፈርሰው ቅርጽ ሊይዝ የሚችል ወፍራም ፈሳሽ ይሆናል። የቡላ ገንፎ ያገነፋ ሰው የዚህን ሂደት መነሻ ያውቀዋል። የተገኘው ፕላስቲክ ውኃ ሲነካው ይለሰልሳል፤ ሲቆይም እንዳደረ ዳቦ ይደርቃል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ከሌላ ፖሊመር ጋር ይደባለቃል። የጣሊያኑ ኖቫሞንት ማተር-ቢ በሚል የንግድ ስም የሚያቀርበው ምርት የዚህ ዓይነት ነው። በዚህም ምክንያት «የስታርች ፕላስቲክ» የሚለው ስም ብቻውን የዕቃውን ሙሉ ይዘት አይገልጽም።

«ተፈጥሯዊ» የሚለው ቅጽል የዕቃውን መነሻ እንጂ መጨረሻውን አይናገርም። በብራዚል ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ ከሸንኮራ አገዳ አልኮል ፖሊኢታይሊን በፋብሪካ ደረጃ ይመረታል፤ መነሻው ተክል ቢሆንም አይበሰብስም። በአንጻሩ ፒ.ቢ.ኤ.ቲ. የተባለው ፖሊስተር በአብዛኛው ከነዳጅ ዘይት እየተሠራ ተሕዋስያን ይበሉታል። ስለዚህ መነሻን ለመግለጽ «ውኃ ወለድ» በሚለው አርአያ «ዕፅዋት ወለድ» ብንል ይሻላል፤ «ተፈጥሯዊ» ግን ከሙያ ቃልነት ሊወጣ ይገባዋል።

«የሚሟሟ» የሚለው ፈጽሞ ስሕተት ነው። ስኳር በውኃ ሲሟሟ ስኳርነቱ አይጠፋም፤ ውኃው ቢተን ተመልሶ ይገኛል። ተሕዋስያን የበሉት ስታርች ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ሆኗል፤ ከፊሉም ወደ ተሕዋስያኑ አካል ገብቷል።

«የሚፈራርስ» የሚለው ደግሞ የራሱ ቦታ አለው። በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ በእንግሊዝ አገር ጄራልድ ግሪፊን የስታርች ቅንጣቶችን ከፖሊኢታይሊን ጋር ደባልቆ ነበር። በእንዲህ ያለው ድብልቅ ተሕዋስያን ስታርቹን ቢበሉም ፖሊኢታይሊኑ ተሰባብሮ ይቀራል። ዕቃው ከዓይን ጠፋ ማለት ከአፈር ጠፋ ማለት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በእ.ኤ.አ. 2019 ባወጣው መመሪያ በኦክስጅን አማካይነት የሚፈራርሱ ፕላስቲኮች ለገበያ እንዳይቀርቡ የከለከለው በዚሁ ሥጋት ነው። እንዲህ ያለውን «የሚበሰብስ» ብሎ መተርጎም አንባቢን ማሳሳት ነው።

አሁን ወደ «የሚበሰብስ» እንመለስ። ቃሉ ከሁሉ የቀረበ ቢሆንም ሁለት ጉድለቶች አሉት። አንደኛ፣ «በሰበሰ» በአማርኛ «ፈረሰ፣ ተበላሸ» ብቻ ሳይሆን «በዝናብ ራሰ» ማለትም ነው። ውኃ ሲነካው በሚለሰልስ ዕቃ ላይ ይህ ድርብ ፍች ቀላል አይደለም። ሁለተኛ፣ ቃሉ የት፣ በምን ያህል ሙቀትና በስንት ጊዜ እንደሚበሰብስ አይገልጽም። ኢ.ኤን. 13432 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ የዕቃው ካርቦን 90 በመቶ በ6 ወር ውስጥ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲለወጥ ይጠይቃል፤ ፍተሻው የሚካሄደው ግን በ58 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህ የብስባሽ ማምረቻ ሙቀት እንጂ የእርሻ አፈር ወይም የወንዝ ሙቀት አይደለም።

የግብርና ባለሙያዎች «ብስባሽ» የሚለውን ስም ለኮምፖስት አውለውታል። ስለዚህ በተሕዋስያን ወደ መሠረታዊ ውሁዶች የሚለወጠውን «በስባሽ»፣ በማምረቻ ሙቀት ብቻ የሚለወጠውን ደግሞ «ለብስባሽ የሚሆን» ብለን እንድንለይ እናሳስባለን። «በስባሽ» እና «ብስባሽ» በአንድ ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ፣ «ብስባሽ ፕላስቲክ» የሚለው አጭር አጻጻፍ መወገድ አለበት።

አንዳንድ ተርጓሚዎች በፌስታል ላይ ረጅም ሐረግ አይጻፍም ይሉን ይሆናል። ይሁን እንጂ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዐዋጅ፣ የፕላስቲክ ከረጢት በስባሽ መሆን አለመሆኑ ሳይገለጽበት ለገበያ እንዳይቀርብ ከልክሎ ነበር። ቃሉ በሕግ ፊት ፈቃጅና ከልካይ በሚሆንበት ጊዜ ማጠሩ ሳይሆን መለየቱ ይቀድማል። «የሚበሰብስ» የሚለውን አንብቦ ከረጢቱን በማሳው ላይ የጣለ ገበሬ ቃሉን አምኖ ነው የጣለው፤ ለስሕተቱ ተጠያቂው ተርጓሚው ነው።

«ስታርች» የሚለውን በ«ቡላ» ስለ መተካት ለሚነሣው ሐሳብ መልሳችን አጭር ነው። ቡላ ከእንሰት የሚገኝ የታወቀ ምግብ ስም በመሆኑ ለበቆሎና ለድንች ቢውል ሁለቱንም ፍች ያደበዝዛል። «ስታርች» በመማሪያ መጻሕፍት ስለ ለመደ ባለበት ይቆይ።

ከዚህ በላይ ባቀረብናቸው ስያሜዎች ላይ፣ በተለይም «በስባሽ» በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ስለሚኖረው አቻ፣ የሙያ ባልደረቦቻችን አስተያየታቸውን እንዲልኩልን እንጠይቃለን።