ሳሙና ያልሆነው «ሳሙና»፦ በአንድ ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

በላስታ፣ ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው የነአኩቶ ለአብ ዋሻ፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ በተፈለፈሉ ድንጋዮች ይጠራቀማል፤ ምእመናንም ጠበል ብለው ይወስዱታል። ጠብታው ከመውደቁ በፊት ለአፍታ ተንጠልጥሎ የሚቆየው በገጽ ውጥረት ነው፤ የውሃው ሞለኪውሎች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ ገጹ እንደ ተወጠረ ቆዳ ይሆናል። በደጋው አገር ነጠላና ጋቢ ሲያነጣ የኖረው እንዶድ ደግሞ ይህን ውጥረት ያረግባል።

በዚህ ረገድ የእንዶድ ብጤ የሆኑ፣ ነገር ግን ኤሌክትሪካዊ ሙል የተሸከሙ ሰው ሠራሽ ፖሊመሮች አሉ። መነሻው ቋንቋ ከእነዚህ አንዳንዶቹን «ፖሊሶፕ» ይላቸዋል። ተርጓሚ ይህን ተከትሎ «ሳሙናማ ፖሊመር» ቢል አይፈረድበትም። እኛ ግን ስያሜውን አንቀበለውም።

የመጀመሪያው ምክንያታችን አደጋው ነው። የተለመደው ሳሙና አሉታዊ ሙል አለው። ባክቴሪያ የሚገድሉት ፖሊመሮች ግን በአብዛኛው አዎንታዊ ናቸው፤ የባክቴሪያው ገጽ አሉታዊ ስለሆነ በብዙ ነጥብ ይጣበቁበታል፤ ቅባታማ ክፍላቸውም ሽፋኑን ሰርጎ ያፈርሰዋል። ጌርሃርድ ዶማክ እ.ኤ.አ. በ1935 ፀረ ባክቴሪያነታቸውን የገለጻቸው አነስተኛ አዎንታዊ ውሁዶችም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራሉ። እንዲህ ያለው መድኃኒት ከሳሙና ጋር ቢደባለቅ ተቃራኒ ሙሎች ተያይዘው ኃይሉ ይደክማል። «ሳሙናማ» የሚል ጽሑፍ ያነበበ የጤና ሠራተኛ ሁለቱን አንድ ላይ ቢያፈስ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የስያሜው ነው።

ሁለተኛው ምክንያታችን፣ ቃሉ ሌላውን ሥራ መሸፈኑ ነው። አዎንታዊው ፖሊመር በውሃ ውስጥ ቅባታማ ውሁዶችን ወደ ጉያው፣ አሉታዊ አዮኖችን ወደ ገጹ ይሰበስባል፤ ተራርቀው የነበሩት ተቀራርበው ስለሚገናኙ ኬሚካዊው ለውጥ ይፈጥናል። ይህ ካታሊስትነት እንጂ እጥበት አይደለም። «ካታሊስት»ንም «አፋጣኝ» ብሎ መተርጎም ግማሹን ብቻ መናገር ነው፤ አፋጥኖ ራሱ አለማለቁን ቃሉ አይነግረንምና። ስለዚህ የውጭው ቃል ባለበት ቢቆይ እንመርጣለን።

«ሳሙናን ሁሉም ያውቀዋል» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። የሚታወቅ ቃል ያልታወቀውን ጉዳይ የታወቀ ያስመስለዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባዩ ጊዜ፣ እንዶድን እንደ ልብስ ማጠቢያ ብቻ ቢቈጥሩት ኖሮ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ የሚገድለውን ኃይሉን ባላስተዋሉ ነበር።

ስለሆነም «ገጽ አርጋቢ» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። ውጥረት ማርገብ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ ቃሉም ጥቅምን ሳይሆን ሥራን ይሰይማል። ለፖሊመሮቹ «ባለሙል ገጽ አርጋቢ መሰል ፖሊመር» እንበል፤ ሙሉም «አዎንታዊ» ወይም «አሉታዊ» ተብሎ ሁልጊዜ ይገለጽ። ስያሜው ረዘመ የሚል ቢኖር፣ ከማሳሳት መርዘም ይሻላል እንላለን።