የበቅሎ መልስና የዘር ውርስ ትምህርት

በቅሎን «አባትህ ማነው?» ቢሉት «እናቴ ፈረስ ናት» አለ ይባላል። ተረቱ የሚነገረው በአባቱ በሚያፍር ሰው ለመሳለቅ ነው። ይሁን እንጂ የሥነ ሕይወት መምህር ይህን መልስ ስቆ ሊያልፈው አይገባም።

ስለ ዘር ውርስ በክፍል ውስጥ የሚሰጠው የተለመደ ገለጻ «ግማሹ ከአባት፣ ግማሹ ከእናት» ብሎ ይጀምርና እዚያው ያበቃል። ይህ አባባል የሚሠራው በሕዋስ ኒውክሊየስ ውስጥ ላሉት ክሮሞሶሞች ነው። በቅሎ ካሉት 63 ክሮሞሶሞች 32ቱን ከፈረስ እናቱ፣ 31ዱን ከአህያ አባቱ ያገኛል። ለሕዋሱ ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ግን 37 ጂኖች ያሉት የራሱ ዲ ኤን ኤ አለው፤ እርሱም የሚወረሰው ከእናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመ ጥናት ይህንን ያሳየው በበቅሎዎችና ከወንድ ፈረስና ከሴት አህያ በተወለዱ ዲቃሎች ላይ ነበር።

ምክንያቱን ለማስረዳት የሚቀርበውም ሐሳብ ሂስ ያሻዋል። «የወንዴው ሕዋስ ጭራ ከእንቁላሉ ውጭ ስለሚቀር ነው» ሲባል እንሰማለን። በአብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ግን የወንዴው ማይቶኮንድሪያ ወደ እንቁላሉ ይገባል። ከብቶችንም የጨመረ የ1999 ምርምር እንዳመለከተው፣ ዩቢኩቲን በተባለ ፕሮቲን ምልክት ተደርጎበት በእንቁላሉ ውስጥ እንዲጠፋ ይደረጋል። አልፎ አልፎ የሚያመልጥም አለ፤ በ2004 በበጎች ላይ ታይቷል። ስለዚህ «ፈጽሞ» ከማለት «በአብዛኛው» ማለት ይሻላል።

ሌላው ስሕተት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም ማይቶኮንድሪያ ስለ ዘር ሁሉን ይናገራል ብሎ ማመን። በ1994 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሻኛ ያላቸው የአፍሪካ ከብቶች ማይቶኮንድሪያ የሚመሳሰለው ሻኛ ከሌላቸው ከብቶች ጋር እንጂ ከሕንድ ባለሻኛ ከብቶች ጋር አይደለም። ማይቶኮንድሪያን ብቻ የጠየቀ ሰው «ከእስያ የመጣ ዘር የለም» ባለ ነበር። ከእስያ የመጡት ኮርማዎች አሻራ የሚገኘው በዋይ ክሮሞሶምና በሌሎቹ የኒውክሊየስ ክሮሞሶሞች ላይ ነው። እነሆ ማይቶኮንድሪያም እንደ በቅሎው ስለ አባት ሲጠየቅ ስለ እናት ይመልሳል።

ይህ ለተማሪው ባዶ የቃላት ክርክር አይደለም። በሐርጌሳ፣ በአያሃ ሰፈር የሚኖር ተማሪ ጥቁር ራስ የሆነችውን የሶማሌ በግ በቅርብ ያውቃታል። ይህች በግ ከሌላ አገር አውራ በግ ጋር ብትዳቀል፣ ሴት ልጆቿም በየትውልዱ ለዚያው ዘር አውራ ቢሰጡ፣ የኒውክሊየስ ድርሻዋ በአማካይ ከ1/2 ወደ 1/4፣ ከዚያም ወደ 1/8 ይወርዳል። ማይቶኮንድሪያዋ ግን በሴት ልጆቿ በኩል እንዳለ ይተላለፋል። እንግዲህ የማይቶኮንድሪያ ምርመራ «የጥንቷ እናት ዘር አለ» ቢል፣ ለክፉ ቀን ስብ የምታከማችበት ዳሌዋና ድርቅ የመቻል ባሕርይዋ ተጠብቀዋል ማለት አይደለም። በዚህ የተታለለ አርቢ የአገሩን በግ እያጣ ያላት ይመስለዋል።

ስለሆነም መምህራን በሰሌዳ ላይ ሁለት የዘር ሐረግ፣ አንዱን ለኒውክሊየስ፣ ሌላውን ለማይቶኮንድሪያ፣ ጎን ለጎን እንዲሥሉ እናሳስባለን። ተማሪዎችም አንድ የዘር ማስረጃ ሲቀርብላቸው አስቀድመው «የማንን መስመር ነው የሚናገረው?» ብለው መጠየቅን ይልመዱ።