ውሃን በዝግታ መሳብ

የኩላሊት እጥበት ነፍስ ያቆያል፤ ልብንና የደም ቧንቧንም ይጎዳል። ሁለቱም እውነት ስለሆኑ ነው በነርስነቴ ከምንም በላይ ውሃ ለምስብበት ፍጥነት የምጠነቀቀው።

በሲያትል ዶክተር ስክሪብነር እ.ኤ.አ. በ1960 በቋሚ እጥበት ማኖር የጀመሩት ክላይድ ሺልድስ 11 ዓመት ኖሮ የሞተው በልብ ሕመም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 እነ ስክሪብነር የ39 ታካሚዎችን ታሪክ ሲያወጡ፣ ከሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያለፉት በደም ቧንቧ ጠንቅ ነበር። እርግጥ ኩላሊት መድከሙ ብቻውን ቧንቧ ያበላሻል። እጥበቱ ግን የራሱን ይጨምርበታል።

አንዱ መንገድ ፎስፌት ነው። ማሽኑ አጥቦ አይጨርሰውም። ሲከማች የቧንቧው ጡንቻ ሴሎች እንደ አጥንት ሴል መሥራት ይጀምራሉ፤ በራጅ የክንድ ደም ቅዳ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ፎስፌት እንዲይዝ የምንሰጠው የካልሲየም ክኒን ከምግብ ጋር ካልተዋጠ ሥራውን አይሠራም፤ ካልሲየሙ ወደ ደም ይገባና ጉዳቱን ያባብሳል። በባዶ ሆዱ የሚውጠው ታካሚ ብዙ ነው፤ ይህን ደጋግሜ ለመናገር አልሰለችም።

ሁለተኛው መንገድ ውሃ የሚሳብበት ፍጥነት ነው፤ እሱ በእኔ እጅ ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ከጋፋት፣ ባሕር ዳር ድረስ የሚመጡ አንድ አባት አሉ። በሳምንት 3 ጊዜ መታጠብ ሲገባቸው አቅማቸው የሚፈቅደው 2 ጊዜ ነው፤ ስለዚህ 3.5 ሊትር ውሃ ተሸክመው ይደርሳሉ። «ልጄ፣ ቶሎ ልቀቀኝ፣ የደብረ ታቦር መኪና ያመልጠኛል» ይሉኛል። ክብደታቸው 60 ኪሎ ነው። በሰዓት ለአንድ ኪሎ ከ13 ሚሊ ሊትር በላይ አለመሳብ ይመከራል፤ ይህ በ4 ሰዓት ከ3 ሊትር እምብዛም አያልፍም። ከዚያ ሲፈጥን ግፊት ይወርዳል፣ የልብ ጡንቻ ደም ያጥረዋል፤ ይህ ሲደጋገም ልብ ይደክማል። እኔ ማሽኑ ሳይጮኽ ፊታቸውን አያለሁ። ማዛጋት ከጀመሩ ፍጥነቱን እቀንሳለሁ፤ ባታቸውን ቁርጥማት እስኪይዛቸው አልጠብቅም።

«አባቴ፣ መኪናው ነገም አለ» ማለት ግን ለመንገደኛ መልስ አይሆንም። የመጀመሪያውን የማለዳ ተራ ሰጠናቸው፤ ዋዜማውን ዘመድ ቤት ያድራሉ፣ ለ5 ሰዓት ያህል ይታጠባሉ። የሚሳበው በሰዓት ወደ 700 ሚሊ ሊትር ወረደ። የቀረን የወጡ ጨው ነው፤ ጨው ሲበዛ ይጠማቸዋል፣ ሲጠማቸው ይጠጣሉ። ከባለቤታቸው ጋር በስልክ እየተነጋገርንበት ነው።